ረጅም አፍንጫ አይገባም

እስቲ ንገሩኝ፤ የካሜራ ሌንስ ምን ያህል ሲረዝም ነው ጥፋት የሚሆነው? አንድ ስንዝር? አንድ ክንድ? የምታውቁ ካላችሁ አትደብቁኝ። በዚህ ጥያቄ የተነሳ ባለፈው ቅዳሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በልጄ ትምህርት ቤት በር ላይ ሕልም አይቻለሁ።

ልጄ ብሌን ከአፀደ ሕፃናት ትመረቅ ነበር። እናቷ ሆስፒታል ተረኛ ስለነበረች፣ «ሌላ ምንም አልልህም፤ ጋውኗን ለብሳ መድረክ ላይ ስትወጣ አንዲት ፎቶ አንሳልኝ» ብላኝ ሄደች። እኔ ፎቶ የማነሳው ለፍቅሩ ነው እንጂ ለእንጀራ አይደለም። ለዚች ቀን ብዬ ሌንስ ሳማርጥ ከርሜ፣ ከኋላ ወንበር ሆኖ መድረክ ላይ ያለን ሰው ሽፋሽፍት የሚያሳይ ረጅም ዙም ገዝቻለሁ። በሩ ላይ ስደርስ ጥበቃው ጋሽ ደምሰው ሌንሱን አዩና እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ።

«የብሌን አባት፣ ይሄ ፕሮፌሽናል ነው። አይገባም። ትምህርት ቤቱ የራሱን ፎቶ አንሺ ቀጥሯል።»

«ፕሮፌሽናል መሆኑን በምን አወቁ?»

«ረጅም ነዋ።»

«ከምን የረዘመ?»

«ከስልክ። ስልክ ከሆነ ግባ።»

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ግን ሰው በማይገባ ሕግ እንዴት ይገባል? ዳይሬክተሯ ወይዘሮ ጽጌማርያም ራሳቸው መጥተው ያስረዱኝ አልኩ። ጋሽ ደምሰው እያጉረመረሙ ሊጠሯቸው ገቡ። እኔ ካሜራዬን ታቅፌ አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ። ፀሐዩ አናቴን መታኝ። እንቅልፍ መቼ እንደወሰደኝ አላውቅም።

በሕልሜ ካሜራ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ነበርኩ፤ መደርደሪያው ላይ። ከጎኔ አንድ የባንክ ሠራተኛና የሰፈራችን ፀጉር ሠሪ ዋጋቸው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ተደርድረዋል። ገዢዎቹ ካሜራዎች ነበሩ። በሦስት እግራቸው እየተራመዱ ይገባሉ፣ ያገላብጡናል፣ ያጣጥሉናል፣ ይወጣሉ። የኔው ካሜራ ገባ። እንደማያውቀኝ ሆኖ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ይሄ ሰውዬ ያገለገለ ነው?» አለ።

ሻጩ አሮጌ ፍላሽ ነበር፤ አፉን በከፈተ ቁጥር ያጥበረብረኛል። «ብዙም አልተሠራበትም» አለ።

«ስንት ጊዜ ዓይኑን ጨፍኗል?»

«እሱማ አይጨፍንም። ጨፍን ሲሉት ነው ብሶበት የሚያፈጠው። ከየመሥሪያ ቤቱ የወጣው በዚሁ ነው።»

«ጨለማ ላይስ?»

«መብራት ከጠፋ ሚስቱን አይለይም።»

«ባትሪው?»

«እስከ ምሳ።»

«ዙሙ እንዴት ነው?»

«የሰው ጥፋት ከሆነ ከሩቅ ያቀርባል። የራሱ ላይ ግን ፎከስ አያደርግም።»

ካሜራዬ ትንሽ አሰበና «ይሁን፤ ለጀማሪ አይከፋም» አለ። በማንገቻ አስሮ አንገቱ ላይ አንጠለጠለኝ። ተናደድኩ። ጀማሪ የተባለው እሱ ይሁን እኔ አልገባኝም፤ ልጠይቀው ስል ትምህርት ቤቱ በር ላይ ደርሰን ነበር።

በሩ ላይ በትልቁ «ፎቶ ሳያነሱ ማለፍ ክልክል ነው» የሚል ተለጥፏል። ጋሽ ደምሰው ተንበርክከው አላፊ አግዳሚውን ይለምናሉ። «ወንድሜ፣ አንዴ ብቻ። በዚህ በኩል አድርገህ አንሳኝ። አለቆቼ ይቆጡኛል።» ካሜራዬን ሲያዩ ደስ ብሏቸው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። ከዚያ ደረቱ ላይ የተንጠለጠልኩትን እኔን አዩ።

«ይሄ አይገባም» አሉ።

«ለምን?» አለ ካሜራዬ።

«አፍንጫው ረጅም ነው። ፕሮፌሽናል ነው።»

«የምን ፕሮፌሽናል?»

«ጠያቂ። ትምህርት ቤቱ የራሱን ጠያቂ ቀጥሯል።»

እውነታቸውን ነበር። የተቀጠረው ጠያቂ ከአዳራሹ ደጃፍ ቆሞ የሚገባውን ሁሉ «እንዴት እንዲህ አማረባችሁ?» እያለ ይጠይቃል። ማንም አይመልስለትም፤ እሱም አይጠብቅም። ካሜራዬ አፍንጫዬን በሌንስ ክዳን ሸፍኖ አሾልኮ አስገባኝ።

አዳራሹ ውስጥ ጋውን የለበሱት ወላጆች ነበሩ። ልጆቹ ክራቫት አስረው ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው የታሸገ ውኃ ይጠጣሉ። ብሌን ማይክ ይዛ መድረክ ላይ ቆማለች።

«የዛሬ ተመራቂዎች» አለች፣ «‹ቆይ፣ መጣሁ› ብለው መቅረትን አቁመዋል የተባሉ ወላጆች ናቸው። እስቲ እናያለን።»

ልጆቹ ሳይስቁ አጨበጨቡ። ካሜራዎቹም ፎቶ ማንሳት ጀመሩ። የሚያነሱት ሰው ሁሉ ተነሳ። ተነሳ ስል በቁሙ ነው፤ ከወንበሩ ለቀቀና ከፍ ከፍ ብሎ ጣሪያ ነካ። ወይዘሮ ጽጌማርያም ንግግራቸውን ሳያቋርጡ ከነወረቀታቸው ወደ ላይ ሄዱ።

«የሚያወርደንስ ማነው?» ብዬ ጮህኩ።

«እኛ የተቀጠርነው ለማንሳት ነው» አሉ ካሜራዎቹ።

የኔው ወደ እኔ ዞረ። ቀጭ። ተነሳሁ።

ከጣሪያው ሥር ሆኜ ቁልቁል ሳይ፣ ያልተነሳችው ብሌን ብቻ ነበረች። ባዶው መድረክ ላይ ሁለት እጇን ወደ እኔ ዘርግታለች። «አባዬ፣ አንሳኝ» አለች። እጄን ሰደድኩ፤ አልደረሰም። ዙም አደረግኩ። ሽፋሽፍቷ ድረስ ቀረበችልኝ፤ ልይዛት ስል ግን እጄ አየር ጨበጠ።

«አንሳኝ» አለች ደግማ።

«ተነስ» አለ ሌላ ድምፅ።

«ተነስቻለሁ» አልኩ። «መውረጃው ነው የጠፋኝ።»

«የብሌን አባት፣ ተነስ እንጂ። አልቋል።»

ጋሽ ደምሰው ትከሻዬን ይነቀንቁኛል። ወላጆች አበባና ፊኛ ይዘው እየተሳሳቁ ይወጣሉ።

«ዳይሬክተሯስ?» አልኩ።

«ነገርኳቸው። ‹ፕሮግራሙ ሲያልቅ› አሉኝ። ሲያልቅ ደግሞ በኋላ በር ሄዱ።»

«ታዲያ ለምን አልቀሰቀሱኝም?»

«ካሜራ እንዳይገባ ነው የታዘዝኩት። ስለ እንቅልፍ የነገረኝ የለም።» ፊቴን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አይዞህ፤ ልጅህን እኔ አንስቼልሃለሁ።»

ስልካቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ፎቶው ላይ የጋሽ ደምሰው አውራ ጣት ሽብሽቡ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል። ከጣቱ ጀርባ፣ በጣም ርቆ፣ የአንዲት ትንሽ ቆብ ጫፍ አለ።

«የቷ ናት ብሌን?»

«ከጣቴ ኋላ ያለችው» አሉ በኩራት።

እሷው ራሷ ቆቧ ዓይኗ ላይ ወድቆ መጣች። «አባዬ፣ አንሳኝ።»

አሁን ተራዬ ደረሰ፣ አልኩ። ካሜራዬን ደገንኩ። ያ ሌንስ የሩቁን እንጂ የቅርቡን አያነሳም፤ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄድኩ። እሷ እጇን ዘርግታ ተከተለችኝ። ጨመርኩ፤ ጨመረች። «እዚያው ቁሚልኝ እንጂ፣ የኔ ቆንጆ» እያልኩ ወደ ኋላ ስሸሽ ከአጥሩ ጋር ተላተምኩ።

«እንደሱ አይደለም» አለች፣ ማልቀስ ጀምራ። «በእጅህ አንሳኝ። ጫማው ጠቦኛል።»

አነሳኋት። ሌንሱ በየእርምጃው ሆዴን እየደቃኝ ቤት ድረስ ተሸክሜያት ሄድኩ።

እናቷ የጋሽ ደምሰውን አውራ ጣት አሳጥባ፣ በፍሬም አድርጋ ሳሎን ሰቅላዋለች። እንግዳ ሲመጣ «የብሌን ምርቃት ነው» ትልና ዝም ትላለች። እሷ ዝም ትበል፤ እኔ ዝም አልልም። ወይዘሮ ጽጌማርያም፣ በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ሌንሴንና ሜትር ይዤ እመጣለሁ። በኋላ በር መውጣት የለም። የከለከሉት ካሜራውን ነው ወይስ ርዝመቱን? ማይኩን ያንሱና በወላጅ ሁሉ ፊት ይመልሱልኝ።