ዋስ የሚጠይቁት ሞግዚት

ያለ ፈቃድ የሚሠራ ሰው መታወቂያ ጠይቋችሁ ያውቃል? እኔን ጠይቆኛል።

እትዬ ብርቄ ደባርቅ ውስጥ የገበያተኛ እናቶችን ልጆች በቤታቸው ይጠብቃሉ። ፈቃድ የላቸውም። እኔ ደግሞ ሕጉን ይዤ ቤቱን እንዳሽግ የተላክሁ አዲስ ሠራተኛ ነኝ። ከታሸገ እናቶቹ ልጆቻቸውን የት ይጥሉ? እሱን የነገረኝ የለም።

በገበያ ቀን ሄጄ አንኳኳሁ፤ እትዬ ብርቄ በሩን ገርበብ አድርገው አዩኝ።

«ማነሽ?»

«ከመሥሪያ ቤት ነኝ፤ ልቆጣጠር መጥቼ ነው።»

«መታወቂያሽን አሳዪኛ!»

ቦርሳዬን ብበረብር የለም፤ ለካ ቢሮ ረስቼዋለሁ።

«እንግዲያው ዋስ ጥሪ። ልጆች ካሉበት ቤት ያለ ዋስ የገባ የለም፤ አባት ነኝ ቢል እንኳ።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ መንግሥት ነኝ» አልኋቸው፤ ድምፄ ለራሴም በቅጡ አልተሰማኝም።

«መንግሥትማ ዋስ አያጣም! እስኪመጣልሽ እዚያ ድንጋይ ላይ አረፍ በይ፣ ልጄ።»

ተቀመጥሁ። የደባርቅ ንፋስ ለባለሥልጣን አያደላም። ምን ላድርግ? የቁጥጥር ፎርሙን ከቦርሳዬ አውጥቼ መሙላት ጀመርሁ። «ማንነቱ ያልተረጋገጠ ሰው ሕፃናቱ ዘንድ ይገባልን?» ይላል አንዱ ጥያቄ። በደነዘዘ ጣቴ «አይገባም» ብዬ ጻፍሁ። ከሥሩ፣ ቤቱ ሳይታሸግ ፈቃድ ማውጫ ጊዜ እንዲሰጣቸው ጠየቅሁ። «ምክንያት» በሚለው ቦታም እንዲህ አልሁ፦ «ተቆጣጣሪዋ ራሷ ውጭ ቀርታለች።»