ጓዙን ጉዝጓዙን በሞተር ሳይክል

አርቆ አሳቢነት ለሁሉ አይሰጥም። አንዳንዱ ሰው አንድ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሐይቅ ዳር ያድርና በማግስቱ በሰላም ይመለሳል። እንዲህ ያለው ሰው ታሪክ አይሠራም። የገበያ ዳሩ ልብስ ሰፊ ግን ከዚህ ተርታ አልነበረም።

ልብስ ሰፊው በሙያው የታወቀው ትርፍ በመተው ነው። ሱሪ ሲሰፋ፣ ደንበኛው ድንገት ቢወፍር ይለቀቅለታል ብሎ በስፌቱ ውስጥ ጨርቅ አጥፎ ይተዋል። ደንበኞቹ አልወፈሩም። ሱሪው ግን በትርፉ ብዛት ስለሚከብድ ቀበቶውን በአንድ እጁ ሳይደግፍ መንገድ የሚሻገር አልተገኘም። ይህን ሁሉም ጥራት ይሉታል።

ሚስቱ ነርስ ናት። ከተጋቡ ወዲህ አብረው የሄዱበት ሩቅ አገር ቢኖር የእናቷ ቤት ነው፤ እሱም ከገበያው ጀርባ ነው። ሐኪም ቤቱ ቅዳሜና እሑድን እረፍት ሲሰጣት፣ "ከዚህ የስፌት መኪና ድምፅ ርቀን፣ እኔና አንተ ብቻ አንድ ሌሊት ሐይቁ ዳር እንደር። ሌላ ምንም አልፈልግም" አለችው።

ልብስ ሰፊው ነገሩን በቀላሉ አላየውም። ከሚመለከተው አካል፣ ማለትም ከራሱ ጋር፣ ጥልቅ ውይይት አድርጎ ሞተር ሳይክሉ ኪስ እንደሚያስፈልገው በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ሚስቱ በታዛቢነት ተገኝታለች።

ከወፍራም ሸራ በግራና በቀኝ ሁለት ትልልቅ ኪሶች ሰፋ። ባዶ ኪስ ደግሞ የሰፊውን ስም ያጠፋልና መሞላት ነበረባቸው። ሲሞሉ ሌላ ኪስ አስፈለገ። ድንኳኑ ገባ፤ ድንኳኑ ቢቀደድስ ተብሎ ሁለተኛ ድንኳን ገባ። ሁለት ታጣፊ ወንበሮች፣ ባልዲ፣ የፀሐይ ጃንጥላ፣ ምድጃው እንቢ ካለ የሚተካው ምድጃ ተከተሉ። በመጨረሻም ሁለቱም ድንኳኖች ቢቀደዱስ ተብሎ በእጅ የሚዞረው የስፌት መኪና ከኋላው መቀመጫ ላይ ወጥቶ በገመድ ተጠፈረ።

"ከዚህ ድምፅ ልንርቅ አልነበረም?" አለች ሚስቱ።

"አላዞረውም። ለክፉ ቀን ነው።"

ጎማ ሊነፋ የመጣው ጎረቤታቸው መካኒክ ሞተሩን ዞሮ ዞሮ አየው። "ሰፊው፣ ቤት ለቀቃችሁ እንዴ?"

"ለአንድ ሌሊት ነው።"

"ይሄ እኮ የሚችለው ሁለት ሰው ነው።"

"ሁለት ሰው መች ጫንኩበት?" አለ ልብስ ሰፊው ኮራ ብሎ።

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ሰማችው። "እኔስ?" አለች ቀስ ብላ። "የስፌት መኪናውን አውርደውና ልቀመጥ።"

"ገመዱ ታስሯል እኮ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብዬ ስንት ደክሜበታለሁ። አንቺ በአውቶቡስ ቅደሚ፤ እሱ ይመቻል።"

"ከማን ጋር?"

"ከሕዝቡ ጋር።"

ፎጣና ዳቦ በፌስታል ይዛ ወደ መናኸሪያው ሄደች። ፊቷ ላይ ያየውን ነገር ልብስ ሰፊው የጉዞ ጉጉት ነው ብሎ ተረጎመው።

ጉዞው በድምቀት ተጀመረ። ከተማው ጫፍ ካለው ዳገት ሥር ሲደርስ ግን ሞተሩ የፊት ጎማውን አንሥቶ ወደ ሰማይ አንጋጠጠ። ልብስ ሰፊው ወርዶ ገፋው፤ ሞተሩም መልሶ ገፋው። ላቡን እየጠረገ ሳለ ስልኩ ጮኸ።

"የት ደረስክ?" አለች ሚስቱ። ከኋላዋ የውኃ ድምፅ ይሰማል።

"እየተቃረብኩ ነው።"

"ለሐይቁ?"

"ለዳገቱ።"

"ስማኝ፣ ጓዙን መካኒኩ ጋ አስቀምጠውና ባዶህን ና። ገና ብዙ ቀን አለ። እየጠበቅኩህ ነው።"

ልብስ ሰፊው ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ተመለከታቸው። ከመካከላቸው ትርፍ ነው የሚባል አላገኘም። "ብርድ ቢመጣስ? ድንኳን እንኳ ሳንይዝ?" አለ። ስልኩ ተዘጋ።

ስለዚህ ሰፈሩን እዚያው ዳገቱ ሥር እንዲያደርግ ተወሰነ። ድንኳኖቹ ተተከሉ፤ አንዱም አልተቀደደም። ከድንኳኑ በር ላይ የገዛ ቤቱ ጣሪያ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ነገ እሷ ስትመለስ ይህን ሁሉ ስታይ ልቧ ይራራል ብሎ ወንበሮቹን ፊት ለፊት አደረጋቸው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱ ከዳገቱ ወረደ። ሹፌሩ ድንኳኑን ሲያይ ፍሬን ያዘ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ መስኮት ተሰበሰበ። ሚስቱም ከመካከላቸው ነበረች፤ ፀሐይ አፍንጫዋን አቅልቶታል፣ አጠገቧ ካለችው ሴት ጋር የጀመረችውን ሳቅ ገና አልጨረሰችም።

"ወንድም፣ ተቸግረህ ነው?" አለ ሹፌሩ። "ና ግባ፣ አንድ ቦታ አለ።"

ያ ሁሉ ዓይን እያየው ልብስ ሰፊው ምን ይበል? ከወንበሩ ተነሣና የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። "እግዜር ይስጥልኝ፤ ምንም የጎደለኝ ነገር የለም" አለ።

ሹፌሩ መስኮቱ ላይ ተደግፋ ትኩር ብላ የምታየውን ሴት ዞር ብሎ አያት። "ታውቂዋለሽ እንዴ እህቴ?"

"ባሌ ነው።"

"ታዲያ ላውርድሽ?"

ከባሏ ፊት ለፊት ባዶውን የተቀመጠውን ወንበር አየችው፤ ከዚያ ወደ መቀመጫዋ ተመለሰች።

"ሰምተኸዋል እኮ፤ ምንም አልጎደለውም" አለች። "ንዳው።"