ጭስ አንባቢዎቹ ጎረቤቶቼ

ጅማ ውስጥ አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ ካላችሁ መካኒክ አትፈልጉ፤ ጭስ አንባቢው ራሱ ይመጣላችኋል። ጭስ አንባቢ አታውቁም? ሞተር ከፍቶ አያውቅም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጭሱን ያያል፤ ጥቁር ከሆነ አየር ማጣሪያው ታፍኗል፣ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ይበላል፣ ነጭ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል። ከዚህ በላይ ምን ትምህርት አለ?

በክረምት አንድ ማለዳ፣ ከአጋሮ ቡና ላመጣ ብዬ ቦሳ ኪቶ ሰፈር፣ ደጃፌ ላይ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። ጉሙ ቤቱንም ዛፉንም ውጦ ከተማዋ ተንሳፋፊ መስላለች፤ እኔም ግማሼ ገና ሕልም ውስጥ ነበርኩ። ጎረቤቶቼ ሐጂ ከድርና ጋሽ ታደሰ ከመኪናው ኋላ ቆመው ሲከራከሩ ሰማሁ።

«ሜ፣ ይዩት እስቲ፤ ነጭ ነው። ውኃ ገብቶበታል ዋላሂ» አሉ ሐጂ።

«ኧረ ሰማያዊ ነው ሐጂ፤ ዘይት ይበላል» አሉ ጋሽ ታደሰ።

የተስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሞተሩ ወርዶ ይፈታ። እኔ ደግሞ ከዚህች መኪና ሌላ እንጀራ የለኝም።

«ልጄ፣ አጥፋውማ፤ አፈነን እኮ» አሉኝ ሐጂ እያሳሉ።

እጄን ወደ ቁልፉ ሰደድኩ፤ ቁልፉ የለም። ኪሴን ብዳብስ እዚያ ነው። ለካ ሞተሩን ገና አላስነሳሁም፤ ከኋላዬ የሚግተለተለው የጅማ ጉም ኖሯል።

«ሐጂ፣ ጠፍቷል እኮ» አልኳቸው በመስኮት።

ሁለቱም ነጩን ጉም ትክ ብለው አዩት።

«ጠፍቶም ይጨሳል?» አሉ ሐጂ፣ በሐዘን ራሳቸውን እየነቀነቁ። «በቃ፣ ሞተሩ ይውረድ።»