የእትዬ ብርቄ ዕድሜ ሲደመር

እኛ ዘንድ ዕድሜ የባለቤቱ ንብረት አይደለም፤ ዘመድ ነው የሚያድለው። ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ሴት ልጅ ሳታገባ ስትቆይ ዘመዶቿ ዓመት በዓመት ላይ ይቆልሉባታል፤ ያቺው ልጅ “ቤት ተከራይቼ ብቻዬን ልኑር” ያለች ቀን ደግሞ እነዚያው ዘመዶች ቀንሰው ቀንሰው “ገና ሕፃን” ያደርጓታል። ለሽምግልና ሲፈልጉህ ትልቅ ሰው ነህ፤ እዚያ ተቀምጠህ አፍህን ስትከፍት ግን ልጅ ነህ፣ ዝም በል። በዚህ ሁሉ ስስቅ ኖሬአለሁ። ባለፈው ወር አንድ ሐኪም ክፍል ውስጥ ግን ሳቄ አፌ ላይ ደርቆ ቀረ፤ ይኸው ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም።

ታናሽ እህቴ ሕይወት በሃያ ዘጠኝ ዓመቷ የጡት ካንሰር ተገኘባት። ተገኘባት እላለሁ እንጂ ቀድሞ መገኘት ይችል ነበር። “በዚህ ዕድሜ ምን ካንሰር አለ፣ እባጭ ነው” እያልን ወራት አስበላናት። እውነቱ ሲታወቅ ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለ። ደግነቱ ሐኪሞቹ ፈጠኑ፤ ቀዶ ጥገናው፣ ፀጉሯን ያረገፈው መድኃኒት፣ ጨረሩ፣ ሁሉም ተከታተለ። መድኃኒቱ መውለድን ሊከለክል ስለሚችል፣ ከመጀመሩ በፊት “ልጅ መውለድ ታስቢያለሽ?” ብለው የጠየቋትም እነሱ ናቸው። እኛ የነበረን አንድ ንግግር ብቻ ነው፦ ልጅ ነሽ፣ ጠንካራ ነሽ፣ ታልፊዋለሽ። ጠዋት እንላታለን፣ ማታ እንላታለን፤ እሷም ራሷን ትነቀንቃለች። ስታለቅስ አይተናት ስለማናውቅ ጀግንነቷን ለጎረቤት ሁሉ አወራን።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ከዓለም ባንክ ሰፈር ሆስፒታሉ ድረስ ሚኒባስ ተጋፍተው ያመላለሷት አክስታችን እትዬ ብርቄ ናቸው። መድኃኒቱ በክንዷ ሲገባ ከጎኗ ተቀምጠው ብርቱካን ይልጡላት ነበር።

ታዲያ ዘንድሮ እሳቸው ራሳቸው ገላቸውን ሲታጠቡ ጡታቸው ውስጥ አንድ ጠጣር ነገር አገኙ። ናሙና ተወሰደ። ውጤቱን የተቀበለው የበኩር ልጃቸው ጌታሁን ነው፤ አየር ጤና ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ካንሰር ነበር። ጌታሁን ያን ዕለት ሱቁን ዘግቶ ቤተሰቡን ሰበሰበና በሸንጎ መከርን። ውሳኔው ሁለት ነው፦ አይነገራቸውም፣ ቀዶ ጥገናም አይደረግላቸውም። “ሰማንያ ያለፈው ገላ ላይ ቢላ አላሳርፍም፤ ጠበል እንወስዳታለን፣ የቀራትን በሰላም ትኑር” አለ ጌታሁን ዓይኑን እየጠረገ። ሁላችንም ተስማማን። እናትን መውደድ እንዲህ ነው ብለን ተለያየን።

እስቲ አስቡት። ካንሰርን የምንደብቀው ከማን ነው? የካንሰር ክፍሉን አግዳሚ ወንበር ለወራት ካሞቁት፣ ነርሶቹ “እትዬ ብርቄ፣ ደህና አደሩ?” ከሚሏቸው ሴትዮ። “እባጭ ነው” ስንላቸው “ተመስገን” ይላሉ፤ እኛም ተዋጣልን ብለን እንጠቃቀሳለን። የተዋጣለት ተዋናይ ማን እንደነበር የገባን ዘግይቶ ነው።

ከዚያ ሕይወት አንድ ቀን “የክትትል ቀጠሮዬ ነው፣ ሁላችሁም ኑልኝ” አለችን። ጌታሁንና እኔ እሷንና እትዬ ብርቄን ተከትለን ገባን። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። “ዛሬ የምናየው ማንን ነው?” ስትል እህቴን ጠበቅን።

“እኔን ነው” አሉ እትዬ ብርቄ።

ለካ ቀጠሮውን ከእህቴ ጋር መክረው ያስያዙት ለራሳቸው ኖሯል፤ እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ጌታሁን ግን ነጋዴ አይደል፣ ቶሎ ተነሣ። “ዶክተር፣ እናቴ ሰማንያ አልፏታል። ቀዶ ጥገና አትችልም ብለን ወስነናል” አለ። እኔም ላግዘው ብዬ “ሰማንያ ሁለት ይሆናቸዋል” አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አትጠይቁኝ። ባላቸው በጊዜ ሞተውባቸው ጥቁር እንደለበሱ ቀርተዋል፤ ጥቁር የለበሰች ሴት ደግሞ ለእኛ ሁሌም አሮጊት ናት።

ሐኪሟ ፊቷን ወደ እሳቸው አዞረች። “እማማ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?”

“ጌታሁን፣ አንተ ስንት ዓመትህ ነው?” አሉ እሳቸው።

“እኔ? አርባ ሰባት።” ለሰው የሚናገረው አርባ ነው፤ እናት ፊት ግን አይዋሽም።

“አንተን ስወልድ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። እንግዲህ ደምረዋ።”

ስልሳ ሁለት። ከባዶ ሜዳ ሃያ ዓመት ጭነንባቸዋል! በፍቅር ነው የጫንነው፣ መቼም ይህን እመኑኝ፤ ያ ፍቅር ግን መቃብር አፋፍ አድርሷቸው ነበር።

“ሰማንያም ቢሆኑ የምጠይቀው እርስዎን ነበር” አለች ሐኪሟ። “ዕድሜ ይታያል፤ ግን የዕጢው ዓይነት አለ፣ የልብዎ አቅም አለ። ምርመራዎን አይቻለሁ፣ ቀዶ ጥገናውን ይችሉታል። እርስዎስ ምን ይፈልጋሉ?”

“መኖር ነዋ፣ ልጄ።” ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ፀጉሬስ? ይረግፋል?”

ጌታሁን ሳቅ አመለጠው። ክፋት አልነበረበትም። “እማዬ ደግሞ፣ አሁን ያንቺን ፀጉር ማን ያየዋል?”

“እኔ አየዋለሁ” አሉት።

ይሄኔ ሕይወት ፈነዳች። ዓመት ሙሉ ዓይኗ ሲረጥብ ያላየናት እህቴ ወንበሩ ላይ እጥፍጥፍ ብላ ተንሰቀሰቀች። ለረገፈው ፀጉሯ ይሁን፣ ለጡቷ ይሁን፣ ወልዳው ለማታውቀው ልጅ ይሁን፣ በምን አውቄ? ጠይቄያት አላውቅም። ደንግጬ ብድግ አልኩ፤ አፌም በለመደው መንገድ “አይዞሽ፣ አንቺ እኮ ልጅ ነሽ፣ ጠንካራ…” ማለት ጀመረ።

“ተቀመጥ” አሉኝ እትዬ ብርቄ፣ የእህቴን ራስ ወደ ደረታቸው እየሳቡ። “አንድ ቀን እንኳ እንድትፈራ ፈቅዳችሁላት አታውቁም። ተዋት፣ ታልቅስ።”

ተቀመጥኩ። ሐኪሟ ተነሥታ በሩን ዘጋችልን።