የዳማ ሹመትና ሽረት

በ፲፱፻፴፩ ዓ.ም. ታኅሣሥ ፲፬ ቀን ረፋድ ላይ፣ ቡሬ ከገበያው በታች ባለው ሜዳ የተገኙት እነዚህ ናቸው፦ የጣሊያን መንግሥት ሹም ካፒታኖ፣ አስተርጓሚው አቶ ክንፈሚካኤል፣ የቅኔ መምህሩ አለቃ ገብረ ሕይወት፣ አሥራ ዘጠኝ ፈረሶች ከነጌቶቻቸው፣ እንዲሁም ሦስት ባዶ የቤንዚን በርሜሎች። ከሁሉም ወደው የቆሙት በርሜሎቹ ብቻ ነበሩ።

ጉባኤው የተጠራው በአዋጅ ነው። አዋጁን ክንፈሚካኤል በገዛ እጁ ጽፎ ከዋርካው ላይ ለጥፎታል። አሁንም ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው።

«ታላቁ መንግሥት አገራችሁን ሊያበራ መጥቷል። ስለዚህ ባለፈረስ ሁሉ በሦስቱ በርሜሎች ዙሪያ ይጋልባል። የቀረ ሽፍታ ነው። በርሜል የጣለ ከውድድር ይወጣል። ያሸነፈው ፈረስ ከመንግሥት ጋጣ ገብቶ ካፒታኖን የመሸከም ክብር ያገኛል። ባለቤቱም ሜዳሊያ ይሸለማል።»

ሜዳሊያው ከሥጋ ቆርቆሮ ክዳን የተሠራ ነበር። ጠርዙ እጅ ስለሚቆርጥ ከጀግና በቀር ማንም ሊያንጠለጥለው አይችልም።

የአገሬው ፈረሰኛ ለክብር ያለው ፍቅር የታወቀ ነው። ይህን ክብር ግን እያንዳንዱ ለጎረቤቱ ተመኘ። ገሚሱ ፈረሱን ጨው አልሶ፣ ሆዱ እስኪነፋ ውሃ አጠጥቶ አምጥቷል። ገሚሱም የኮርቻውን ጠፍር አላልቶ መጥቷል።

መጀመሪያ የወጣው አድማሴ ነው፤ በጉግስ ስሙ ከቡሬ እስከ ፈረስ ቤት የሚጠራ ፈረሰኛ። አንደኛውን በርሜል በቀኝ ጉልበቱ፣ ሁለተኛውን በግራ ጉልበቱ መትቶ ጣለ። ሦስተኛውን ፈረሱ የቤንዚኑን ሽታ ፈርቶ አልጠጋ ቢለው፣ ወርዶ በእግሩ ገፋው።

«ጣልኩት!» ብሎ ፎከረ።

«እንኳን ደስ አለህ!» አሉት ተራ የሚጠብቁት ፈረሰኞች፣ እያነከሰ ሲመለስ።

አሥራ ሰባት ጀግኖች ተከተሉት። በፉከራ የማይነሣው የጀግንነት ክፍል ይህ ነው፤ አቧራ፣ ፋንድያና የተላጠ ጉልበት። የጥይት ጩኸት ለምደው የማይበረግጉ ፈረሶች ባዶ በርሜል «ድም» ባለ ቁጥር ጌታቸውን እየጣሉ ወደ ገበያው ፈረጠጡ።

መጨረሻ የቀረው ገበሬው አቶ ይርሳው ነበር። ፈረሱ ዳማ አርጅቷልና ምንም አላሰናዳም። ሚስቱ እህተ ማርያም ልጓሙን ይዛ ትለምነዋለች።

«ኧረ ይርሳው፣ አንተም ጠፍሩን አላላ!»

«ሂጂ እቴ! ጥርሱ ያለቀ ፈረስ ማንን ሊቀድም ነው?»

«መቅደሙን መች ፈራሁ? ክብ ነገር ሲያይ ራሱን አያውቅም ብዬ ነው እንጂ።»

እውነቷን ነው። በሬዎቻቸውን አምና የመንግሥት ጦር በልቷቸዋል። ከዚያ ወዲህ አውድማ ላይ ዞሮ እህል የሚያበራየው ዳማ ብቻውን ነው። ዘንድሮም ዳጉሳቸው ተከምሮ እርሱን ይጠብቃል። ዳማ ከሄደ ዳጉሳው የአይጥ ነው።

ዳማ በርሜሉን ባየ ጊዜ ጆሮውን አቆመ። አንድ ጊዜ ዞረ፤ ሁለት ጊዜ፤ ሦስት ጊዜ። በጭራው እንኳ አልነካውም። ይርሳው በርሜሉን ሊመታ እግሩን ዘረጋ፤ አልደረሰለትም።

«ተው ዳማ! ተው የኔ ወንድም!»

ዳማ ግን ሥራ አክባሪ ነው። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም እንደዚሁ ዞሮ ሲጨርስ፣ ከካፒታኖው ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ገለባውን ጠበቀ።

«ጌታዬ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ ነው የዞረ! ሕግ ተላልፏል!» አለ ይርሳው።

ክንፈሚካኤል «ታማኝነቱ ከታዘዘው በላይ ነው ይላል» ብሎ ተረጎመ።

ሜዳሊያው ተሰጠ። ይርሳው ሲያለቅስ ካፒታኖው ምን ሆነ ብሎ ጠየቀ። «የደስታ እንባ ነው» ተባለለት። አድማሴም ጉልበቱን እያሻሸ «ሹመት ያዳብር!» አለው።

በአራተኛው ቀን ካፒታኖው ጅጋን ለመጎብኘት ዳማ ላይ ተቀምጦ ወጣ፤ ክንፈሚካኤል በበቅሎ ተከተለው። መንገዱ በነይርሳው አውድማ በኩል ያልፋል። ባልና ሚስት ዱላ ይዘው ዳጉሳውን እየወቁ ነበር። ዳማ አውድማውን ሲያይ መንግሥትንም ጉብኝትንም ረሳ። ታጥፎ ገባና ይዞር ጀመር።

ካፒታኖው ዛቡን ጎተተ፤ በሚያውቀው ቋንቋ ሁሉ ተሳደበ። እህተ ማርያም ግን ዱላዋን ጥላ ከክምሩ እያነሣች ከዳማ እግር ሥር ትበትን ጀመር።

«ይዙሩ ጌታዬ፣ ይዙሩ! ይርሳው፣ ጨምር እንጂ!»

«ምንድን ነው የሚሉት?» አለ ካፒታኖው በሦስተኛው ዙር።

«እያመሰገኑዎት ነው» አለ ክንፈሚካኤል።

ካፒታኖው ይህን ሲሰማ ቀና ብሎ፣ እጁን ዘርግቶ ሰላምታ እየሰጠ ዞረ። ክምሩ ሲያልቅ ዳማ በራሱ ጊዜ ቆመ። ካፒታኖው ወርዶ ሁለት እርምጃ እንደሄደ አዙሮት ከገለባው ላይ ተቀመጠ።

አለቃ ገብረ ሕይወት ከመንገዱ ዳር ቆመው ሁሉንም አይተዋል።

«ልጄ ክንፈሚካኤል፣ አዋጅህ አንድ ፊደል ገድፏል» አሉት።

«የቱ ጋ ነው አለቃ?»

«መንግሥት ሊያበራ መጥቷል ካልከው ላይ። ሥራውን ሳየው ‹ይ› ጎድሎታል።»

በማግስቱ ዳማ ለመንግሥት ሥራ ብቁ አይደለም ተብሎ በደብዳቤ ተሰናበተና ወደ ቤቱ ገባ። ከዋርካው ላይ ያለው አዋጅም በከሰል ታርሞ «ታላቁ መንግሥት አገራችሁን ሊያበራይ መጥቷል» ይል ነበር።