ሸለምጥማጥ የመረመረው አጥር

ተረት ልንገራችሁ። ዶሮ ያለው ጆሮውን ይስጠኝ፤ ዶሮ የሌለው ደግሞ ለጎረቤቱ ይስማለት።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ከአንድ ጫካ ጥግ፣ ዶሮዎች ብቻ የሚኖሩበት መንደር ነበር። መንደሩን የከበበው የእሾህ አጥር ከማርጀቱ የተነሳ ቆሞ መዋል አቅቶት ተጋድሟል። ያለፈ ያገደመው አውሬ ሁሉ በዚያ እየገባ የፈለገውን አንጠልጥሎ ይሄዳል። ከሁሉም የተጎዳችው ገብስማ የምትባል እናት ዶሮ ነበረች። አምና የፈለፈለቻቸውን ጫጩቶች ሸለምጥማጥ አንድ ሳያስቀር በልቶባታል። ዘንድሮ እንደገና ታቅፋ ስምንት ጫጩቶች አወጣች። እነዚህን ሳላሳድግ እንቅልፍ አይወስደኝም አለችና የሽቦ አጥር እንዲታጠር መንደሩን በልመናም በጭቅጭቅም አስቸገረች። መንደሩም ጭቅጭቁ ሲሰለቸው እሺ አለ።

ሽቦ የሚነግደው ጦጣ ነበር። ሁለት ጥቅል ወንፊት ሽቦ ተሸክሞ መጣ። የአንደኛው ቀዳዳ ጠባብ ነው፤ የጫጩት ምንቃር እንኳ በመከራ ነው የሚያልፍበት። የሁለተኛው ቀዳዳ ሰፋ ያለ ነው፤ ሽቦው ግን ያብረቀርቃል። የትኛው ይሻላል ብለው ሲጠይቁት፣ ሁለቱም ይሻላሉ አላቸው። ነጋዴ ነውና አልፈርድበትም።

ገብስማ ጠባቡ ይሁን አለች። የመንደሩ ሹም ወሰራው አውራ ዶሮ ግን ዓይኑ የሚያብረቀርቀው ላይ ቀረ። ከጠባቡ ሽቦ ጀርባ ሆኖ ቢጮህ፣ መንገደኛ ድምፁን ሰምቶ መልኩን ሳያይ ሊያልፍ ነው። ይህ ለእሱ ቀላል ነገር አልነበረም። ስብሰባ ተጠራ፤ ተጮኸ፤ ተንጫጫ፤ አንዱም አልተረታም። በመጨረሻ ወሰራው ጉሮሮውን ጠራረገና ነገሩ ባለሙያ እንደሚፈልግ ተናገረ።

«ዕድሜውን በቀዳዳ ሲሾልክ የኖረ እያለ እኛ ምን አስጨነቀን? አያ ሸለምጥማጥ ይጠራና ይሞክራቸው» አለ።

ጉባኤው ክንፉን አጨበጨበ። ገብስማ ልጆቼን የበላ ሌባ እንዴት አጥር መርማሪ ይሆናል ብላ ብትጠይቅ፣ የጠራነው ሙያውን እንጂ ጠባዩን አይደለም ብለው መለሱላት። ደግሞም በጠራራ ፀሐይ፣ መንደሩ ሁሉ እያየው፣ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ሸለምጥማጥ ፀጉሩን ልሶ፣ ዓይኑን መሬት መሬት አድርጎ፣ እንደ ጨዋ ሰው መጣ። ገብስማ መጀመሪያ ሽቦውን ይሞክር፣ ምሳው በኋላ ይደርሳል አለች። ይህን ሲሰሙ ዶሮዎቹ በሃፍረት ላባቸው ቆመ። ከሩቅ የመጣ እንግዳ በባዶ ሆዱ ሥራ ሊያዝ! ጎረቤት ቢሰማ ምን ይላል? አዋጅ እንኳ ሳይነገር ስማቸው አገር ለአገር ሊዞር ነው። ስለዚህ እያንዳንዷ ከጎጆዋ እንቁላል አወጣች። የተቀቀለ ቀረበ፤ የተጠበሰ ቀረበ፤ አስኳሉ ለብቻው የተመታም ቀረበ።

ሸለምጥማጥ በላ። በቃኝ አለ። በሞቴ አሉት፤ ጨመረ። አሁንስ በእውነት በቃኝ አለ። አፈር ስሆን አሉት፤ ደግሞ ጨመረ። ሁሉም ካጎረሱት በኋላ ያላጎረሰችው ገብስማ ብቻ መሆኗ ታወቀና ስስታም የሚል ሹክሹክታ ተነሳ። ምስኪኗ ገብስማ አንገቷን ደፍታ መጣች፤ ከሁሉ የሚበልጠውን ጉርሻ በገዛ ክንፏ አጎረሰችው።

አሁን ወደ ሥራ ተገባ። ጦጣው ሰፊውን ሽቦ ወጥሮ ያዘ። ሸለምጥማጥ ራሱን አስገባ፤ አለፈለት። ትከሻውን አስገባ፤ አለፈለት። ሆዱ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ቢገፋ፣ ቢያቃስት፣ ቢንፈራገጥ ወይ ፍንክች። ዶሮዎቹ ጅራቱን ይዘው ወደ ኋላ ጎትተው አወጡትና መንደሩ በእልልታ ተናወጠ። ሸለምጥማጥ ግን፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ አልዋሸም።

«ከሆዴ በቀር ሁሉ ነገሬ ያልፋል» አላቸው።

ጨዋታ አዋቂ ነው ብለው ሳቁለት። ጠባቡን ሽቦ የሞከረው የለም። ጦጣውም ጠቅልሎ ተሸከመውና ወደሚቀጥለው መንደር ሄደ።

አጥሩ ታጠረ፤ ተመረቀ፤ ወሰራውም ረጅም ንግግር አደረገ። ለጥቂት ቀናት መንደሩ ሰላም ሆነ። ገብስማ እንኳ ተሳስቼ ይሆናል ብላ ደስ አላት፤ ጫጩቶቿም አጥሩ ሥር ሲጭሩ መዋል ጀመሩ። ከዚያ ሸለምጥማጥ ራበው። አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል መጣና አንድ ፀጉሩን እንኳ ሽቦ ሳይነካው ገባ። ገብስማ ነቅታ ብትጮህ፣ ብትናከስ፣ ከስምንቱ ጫጩቶቿ ያተረፈችው ሁለቱን ብቻ ነው።

የበላው ግን ሆዱን ነፋውና ሲወጣ ሽቦው ያዘው። ፀሐይ ስትወጣ መንደሩ ያገኘው እዚያው ተሰክቶ ነው፤ ራሱና ትከሻው ውጭ፣ ሆዱና ጅራቱ ውስጥ። ገብስማ እያለቀሰች፣ እዚያው ይቆይና ጦጣው ሳይርቅ ጠባቡ ሽቦ ይምጣ ብላ ለመነች። ወሰራው ግን አጥሩን ዞር ዞር ብሎ አየና ደረቱን ነፋ። ሽቦው ሌባ እንደሚይዝ በዓይናችሁ አያችሁ አለ። እውነትም ይዟል አሉ። ሲገባስ ለምን አልያዘውም ብላ አንዲት ቄብ ጠየቀች።

የመለሰው ከሽቦው ማዶ ሸለምጥማጥ ራሱ ነው።

«ርቦኝ ነዋ። ያን ቀን እንዳበላችሁኝ ሆኜ ብመጣ በየት በኩል እገባ ነበር?»

ወሰራው ዓይኑ በራ። ስህተቱ የሽቦው አይደለም፣ የረሃቡ ነው አለ። እዚያው ውሳኔ ተላለፈ፦ ከእያንዳንዱ ጎጆ በየቀኑ እንቁላል ይዋጣ፤ አያ ሸለምጥማጥ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ እስኪጠግብ ይብላ። እንግዳን አንጠልጥሎ ማቆየትም ነውር ነው ተባለና ከኋላ ተሰልፈው ገፍተው አወጡት። እሱም አመሰገነ፤ እራት በስንት ሰዓት እንደሆነም ጠየቀ።

ውሳኔውን ለመደገፍ ክንፍ ሁሉ ተነሳ። ያልተነሳው የገብስማ ክንፍ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ሁለት ጫጩቶች ነበሩ። ለምን እንደማትደግፍ ወሰራው ቆጣ ብሎ ጠየቃት።

«የተፈለፈሉትን ራሱ ገብቶ በላ» አለች ገብስማ፤ «ያልተፈለፈሉትን ደግሞ እኛው አጥሩ ድረስ ወስደን እናጉርሰው።»