ሃምሳኛው መስመር እና ዘጠኝ ጥንድ ጫማ

የጎደለው አንድ ሰው ነው። አንድ ብቻ፤ ከስምንት ልጆች አንዷ። «ለአንድ ሰው ይህን ያህል ወሬ?» የምትሉ ካላችሁ፣ ዛሬ ማታ ገበታ ስትቀርቡ ዙሪያችሁን እዩና የትኛው ቢጎድል እንደማይቆጠር ለራሳችሁ ንገሩ። እኔ አልጠይቃችሁም።

እኔ ቆጣሪ ሰው ነኝ። ደረጃ ስወጣ እቆጥራለሁ። ፍሪዌይ ላይ መውጫዎቹን እቆጥራለሁ። ቤተ ክርስቲያን ሰባኪው ስንት ጊዜ «በመጨረሻም» እንዳለ እቆጥራለሁ፤ ባለፈው እሑድ ስድስት ጊዜ ነው። እዚህ አሜሪካ የመጀመሪያ ሥራዬ ኦክላንድ ውስጥ ፓርኪንግ ቲኬት መቁረጥ ነበር፤ በኋላ የራሴን ሁለት ታክሲ ገዛሁ፤ አሁን ጡረታ ወጥቼ ሳን ሆዜ ተቀምጫለሁ። ለዚህ ያበቃኝ መቁጠር ነው፣ በመቁጠር የሚበልጠኝም የለም ብዬ አምን ነበር። ነበር።

በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ ኦክላንድ ሄጄ ሚስ ኦፓልን እጠይቃለሁ። ሰማንያ የደረሱ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው፤ ከስደት እንደመጣን ምድር ቤታቸውን ያከራዩን እሳቸው ናቸው። ውሉ ላይ የተጻፈው አራት ሰው ነበር። እኛ ዘጠኝ ነበርን። (ይህን ለማንም እንዳትነግሩ፤ ቢያንስ ወጉ እስኪያልቅ።) አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች በዕድሜ ስለምበልጣቸው «ጋሼ» ይሉኝ ነበርና፣ ሚስ ኦፓልም ስሜ መስሏቸው እስከ ዛሬ ጋሼ ይሉኛል። በአሥር ዓመት በልጠውኝ!

ባለፈው ወር ስሄድ የምግብ ጠረጴዛቸው ወረቀት በወረቀት ሆኖ አገኘሁት። ዘመዶቻቸው በዚህ በጋ ሲሰባሰቡ የቤተሰቡን ታሪክ መጽሐፍ አድርገው ሊያወጡ ነው። አዘጋጇ ሉዊዚያና ያለች የአክስታቸው ልጅ ናት፤ ሕጓም አጭር ነው። በድሮው የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ላይ ያልታየ ሰው፣ ከልጆቹ ዝርዝር አይገባም። በሚስ ኦፓል አያት ቤት የተቆጠሩት ደግሞ ሰባት ልጆች ናቸው። የመጨረሻዋ፣ የሚስ ኦፓል እናት፣ የለችም። ድሮውንም «እሷ እኮ የማደጎ ነች» እያሉ የሚያንሾካሹኩ ነበሩ። መጽሐፉ ማተሚያ ቤት የሚገባው አርብ ነው።

«ጋሼ፣ እናቴ ከሌለች እኔ የማን ነኝ?» አሉኝ። የቀልድ አስመስለው ነው ያሉት፤ ግን መነጽራቸውን አውልቀው ነበር።

ሚስ ኦፓል ከመዝገብ ያገኙትን የሚገለብጡበት ደብተር አላቸው። መዝገቡ ያለውን ከነስህተቱ መገልበጥ ነው፤ ማረም ክልክል። ከሥሩ ምንጩ ይጻፋል፦ የት አውራጃ፣ ስንተኛ ገጽ፣ ስንተኛ መስመር፣ የታየው ዋናው ነው ወይስ ቅጂው። የአያታቸው ስም አንድ ፊደል ጎድሎት ተመዝግቧል፤ እሳቸውም እንደጎደለ ገልብጠውታል። «እኔ ካረምኩት ነገ መዝገቡን የሚፈልግ ሰው አያገኘውም» አሉኝ። ለሞተ ሰው ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ምን ይረባል ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። ሆዴ አንዳንዴ ቸኩሎ ይስቃል።

ደብተሩን ተቀብዬ ከልማዴ መስመሮቹን መቁጠር ጀመርኩ። አያት፣ አርባ ሁለተኛ መስመር። ሚስት፣ አርባ ሦስተኛ። ልጆቹ ከአርባ አራተኛው ተከታትለው ወርደው፣ ሰባተኛው ልጅ ሃምሳኛው ላይ። ጣቴ እዚያ ላይ ቆመ።

«አንዱ ገጽ ስንት መስመር አለው?»

«ሃምሳ።»

«ቀጥሎ ያለው ገጽስ ምን ይላል?»

ሚስ ኦፓል መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። እሳቸው ጋ ያለው፣ የአክስታቸው ልጅ ድሮ በፖስታ የላከችላቸው ቅጂ ነው፤ አንድ ገጽ። በገዛ እጃቸው ከሥሩ ጽፈውታል፦ «ቅጂ፤ ዋናው አልታየም።»

ፓርኪንግ የሠራ ሰው ይህን ያውቃል። የቲኬት ጥራዝ ሲያልቅ መኪና መግባቱን አያቆምም፤ ሌላ ጥራዝ ይከፈታል። «ሚስ ኦፓል፣ ያለቀው ወረቀቱ ነው፤ ልጆቹ አይደሉም» አልኳቸው።

ኮምፒውተራቸውን ከፍተን መዝገቡን ፈለግን፤ ቀጣዩ ገጽ መጣ። የመጀመሪያው መስመር፦ ሴት ልጅ፣ ዕድሜ ሦስት፣ ከነስሟ። ሚስ ኦፓል ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው ስሟን ፊደል በፊደል አነበቡ። ከዚያ ደብተሩን ስበው ገጹንና መስመሩን መዘገቡ፤ «ዋናው ታይቷል» ብለው ጻፉ፤ ዝቅ ብለው ደግሞ «ያገኘው፦ ጋሼ»። የአክስታቸው ልጅም ደውለን ስንነግራት «ወይ ጉዴ! ለካ ገጹን ሳልገልጥ ነው የላክሁልሽ!» ብላ እዚያው አስገባቻት።

ሥራችን ተፈጸመ ብዬ ስነሳ፣ «አንተስ፣ ልጆችህ ነገ ሲፈልጉህ የት መዝገብ ላይ ያገኙሃል?» አሉኝ።

ደስ ብሎኝ ነበርና ያልተናዘዝኩትን ተናዘዝኩ። እኛ በመጣን ሰሞን የሕዝብ ቆጠራ ሠራተኛ በራችንን አንኳኳ። በመጣንበት አገር በዚያ ዘመን ዝርዝር ይዞ የሚያንኳኳ ሰው ተከፍቶለት አያውቅም፤ ይፈራል። ደግሞስ ብንከፍት ዘጠኝ ሆነን ልንታይ! ቴሌቪዥኑን አጥፍተን ትንፋሻችንን ዋጥን። ደረጀ የሚባለው ጓደኛችን ሻወር ቤት ገብቶ መጋረጃውን ዘጋ። ሰውዬው ሦስት ቀን ተመላልሶ ሄደ። «ስለዚህ የትም የለሁም» አልኩ፤ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ኮራ ብዬ።

ሚስ ኦፓል ጠረጴዛውን ተደግፈው ሳቁ።

«ምንጣፌ እንዳይቆሽሽ ጫማችሁን ደጅ አውልቁ አላልኳችሁም?»

«ብለውናል።»

«ሰውዬው እኔ ጋ ፎቅ ወጥቶ፣ ‹ቤት ውስጥ ማንም የለም፤ ደጅ ግን ዘጠኝ ጥንድ ጫማ አለ› አለኝ። ዘጠኝ ናቸው አልኩት። ስማችሁንም ስትጠራሩ በወለሉ በኩል እንደሰማሁት ነገርኩት።»

«ዘጠኝ መሆናችንን ያውቁ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«የት ትሄዱ ነበር?»

ተሰናብቻቸው ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ደረጀ ጋ ደወልኩ።

«ደሬ፣ ተቆጥረናል!»

«ኧረ ባክዎ ጋሼ፣ እኔ እኮ ሻወር ውስጥ ነበርኩ!»

«አንተ ሻወር ውስጥ፣ ጫማህ ደጅ!»

«ስልክ ቁጥራቸውን ቴክስት ያድርጉልኝ፤ በሚቀጥለው ወር እኔም አለሁበት» አለ።

የኛ የቆጠራ መዝገብ በአገሩ ሕግ ለሰባ ሁለት ዓመት የተቆለፈ ስለሆነ በዓይኔ አላየውም። ግን ደብተር ገዝቼ ዘጠኙንም ስም ጻፍኩ። የራሴን «ጋሼ» ብዬ አሰፈርኩ፤ ማረም ክልክል ነው። ከሥሩም፦ «ምንጭ፦ ሚስ ኦፓል፣ ፎቅ ቤት። ዋናው አልታየም።»

እንግዲህ ሒሳቡ። ትርፍ፦ ከሉዊዚያና አንድ፣ ከኦክላንድ ምድር ቤት ዘጠኝ፤ ድምር አሥር ሰው። ኪሳራ፦ አከራዬን አታለልኩ እያልኩ ሠላሳ ምናምን ዓመት የተንጎማለልኩበት ኩራት፤ አንድ። ትርፉ ይበልጣል። ሁለቴ ቆጥሬዋለሁ።